«ልጄ ደህና ሆኗል፣ መርፌው ለምን አይቀርም?»

የዛሬዋ ጠያቂያችን ደብዳቤዋን በእጅ ጽፋ በስልክ ፎቶ አንስታ ነው የላከችልኝ። ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ለታኅሣሥ ገብርኤል ከአያቱ ጋር ቁልቢ ሄዶ ነበር። በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ጉሮሮዬን አለ፣ አተኮሰው። አማቴ ቶንሲል ነው ብላ አንዲት የምታውቅ ሴት ጋ ወስዳ አስቧጠጠችው። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ እኛም ረሳነው። በከተራ ዕለት ግን ቀኝ ጉልበቱ አብጦ ተነሣ። ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ነው ብለን ወጌሻ አሸው። ጉልበቱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዚያ ክርኑን ያዘው። በሳምንቱ ትንፋሽ አጠረው፤ ትራስ ደራርበንለት ተቀምጦ አደረ። ሆስፒታል 17 ቀን ተኛ። የቁርጥማት ትኩሳት ነው፣ ልቡን ነክቶታል፣ አንዱ ቫልቭ ትንሽ ያፈሳል አሉን። በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ አዘዙለት። አራት ጊዜ ተወጋ። አሁን ይበላል፣ ይስቃል፣ ትምህርቱን ጀምሯል። አባቱ ‹ደህና ልጅ ለምን ይወጋል› ይላል። ሰፈራችንም ያን መርፌ ተወግቶ የሞተ ሰው አለ እየተባለ ይወራል። ሲያለቅስ ሳየው አንጀቴ አልቻለምና ተውኩት፤ ከተወጋ ስድስት ሳምንት ሆነው። አማቴ የቁልቢ ብርድ ነው የመታው ትላለች። እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ ያኔ ሐኪም ጋ ብወስደው ኖሮ የሚለው ነው። ታናናሾቹስ ይይዛቸው ይሆን? የባቢ እናት።»

የባቢ እናት፣ ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህን ስሚኝ። ነገ ጠዋት ልጁን ቁርሱን አብልተሽ፣ ካርዱን ይዘሽ ወደሚወጋበት ጤና ጣቢያ ሂጂ። መርፌው የሚጠብቀው ለአራት ሳምንት ነው፤ ልጅሽ ሁለት ሳምንት ያለ ጠባቂ ነው የሰነበተው። ቀጠሮ አሳለፍሽ ብለው ይቆጡኛል ብለሽ አትቅሪ። ቢቆጡሽም ተቆጥተው ይወጉታል። ካተኮሰው፣ መገጣጠሚያው እንደገና ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን በጤና ጣቢያ በኩል አትዙሪ፤ ቀጥታ ተኝቶ ወደታከመበት ሆስፒታል ውሰጂው።

አሁን ተረጋግተን እንነጋገር። ሐረር ውስጥ በሕፃናት ክፍል 22 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ያደረግኩት ቀኖቹን በጣቴ መቁጠር ነው። ጉሮሮው የታመመው ታኅሣሥ 22 አካባቢ፣ ጉልበቱ ያበጠው ጥር 10፤ 18 ቀን መሆኑ ነው። ይህ በሽታ ጠባዩ እንዲህ ነው። ጉሮሮ ከታመመ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ፣ ሰው ሁሉ ጉሮሮውን ከረሳው በኋላ ይመጣል። በብዛት የሚይዘውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው።

አማትሽን አትቀየሚያት፤ ነገር ግን የቁልቢ ብርድ አይደለም። ብርድ ቢሆንማ ኖሮ የድሬዳዋ ልጅ ባልታመመ። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ሰው ተጠጋግቶ በሚያድርበት ድንኳን፣ ልጆች ተጨናንቀው በሚቀመጡበት ክፍል፣ ስድስት ሰው በሚተኛባት አንዲት ቤት ውስጥ በትንፋሽና በሳል ይተላለፋል። የልጅሽ ሰውነት ይህን ባክቴሪያ ለመውጋት መከላከያ አዘጋጀ። ችግሩ፣ የባክቴሪያው ልባስ ከልብና ከመገጣጠሚያ ሥጋ ጋር ይመሳሰላል። መከላከያው ጠላቱን ያገኘ መስሎት የገዛ ቤቱን መታ። ጉልበቱ ያበጠው ለዚህ ነው፤ ትንፋሽ ያጠረውም ለዚሁ ነው። ወጌሻውም «ጉልበቱ ድኗል» ካላችሁ አልዋሸም። ጉልበቱ እውነትም ተሽሎታል፤ በሽታው ግን ወደ ቁርጭምጭሚቱ ተሻግሯል። እንዲህ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር እብጠት ያየ ሰው ልብን ማሰብ አለበት። መገጣጠሚያው ጠባሳ ሳይቀርበት ይድናል። ልብ ላይ ግን ይቀራል።

«ትንሽ ያፈሳል» ያሉሽ ምን ማለት እንደሆነ ብዙ እናት ስለማይነገራት እኔ ልንገርሽ። ልብ ቫልቭ የሚባሉ አራት በሮች አሏት። ደሙ ካለፈ በኋላ ይዘጋሉ፣ ወደኋላ አይመልሱም። በሩ ሲቆጣና ሲያብጥ ግጥም ብሎ መዘጋት ያቅተዋል፣ ደሙም በስንጥቁ ይመለሳል። አሁን ደስ የሚለውን ስሚ። በመጀመሪያው ሕመም የመጣ ትንሽ መፍሰስ፣ ልጁ ሁለተኛ ካልታመመ፣ በዓመታት ውስጥ እየቀነሰ የሚሄድበት፣ አንዳንዴም ጨርሶ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። በድጋሚ ከታመመ ግን በጠባሳ ላይ ጠባሳ ይጨመራል። በሩ ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ በመጨረሻ መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል።

መርፌው የተሰጠው ይህን ሁለተኛ ሕመም ለማስቀረት ነው። ማስታገሻ አይደለም፣ ልቡንም አይጠግንም። የሚጠብቀው ጉሮሮውን ነው። «እንግዲህ ጉሮሮውን ባመመው ቁጥር ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ» ትይኝ ይሆናል። አይበቃም። ባክቴሪያው ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ምንም ሳያሳምም ሊቆይና ልብን ሊያስቆጣ ይችላል። ስለዚህ ልጁ የሚወጋው ደህና በሆነበት ቀን ነው። ለአባቱም እንዲህ በዪው፦ የሚወጋው ስለታመመ ሳይሆን ደህና ሆኖ እንዲቆይ ነው። በቃል ካልገባው ደግሞ ለልብ አልትራሳውንዱ ቀጠሮ አንቺ ቅሪና እሱ ይውሰደው። ዶክተሩ ስክሪኑ ላይ ወደኋላ የሚመለሰውን ደም በቀለም ያሳየዋል። በዓይናቸው አይተው የተለወጡ ስንት አባቶች አውቃለሁ።

ስለ አንዲት ልጅ ልንገርሽ፣ ከአእምሮዬ አትጠፋም። የ9 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከሐረር ዙሪያ ገጠር ነው የመጣችው። መጀመሪያ ስትገባ እንደ ባቢ ጉልበቷን ታማ፣ ልቧ ትንሽ ተነክቶ ነበር። ድና ስትወጣ እየዘለለች ነው የወጣችው። አምስት ወር ተወጋች። ከዚያ ቅርቧ ያለው ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ የለም አላቸው፤ በሌላ ጊዜ ሲሄዱ ያለ ሐኪም አንወጋም አሏቸው። አባቷ የአንድ ቀን ሥራ ትቶ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። በሦስተኛው «እሷስ ምን ሆነች፣ ፍየል ትጠብቃለች» ብሎ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለስ አላወቅኳትም። እግሯ አብጦ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ አልጋው ላይ ወደፊት ተደፍታ ነበር የምትተነፍሰው፤ መተኛት አትችልም። እኔን አስታውሳኝ «ያኛው መርፌ ያማል» አለችኝ። ያ አባት ልጁን የማይወድ አልነበረም። እኛ ስናስወጣት «በየወሩ ተወጊ» ከማለት ሌላ ለምን እንደሆነ ቁጭ ብለን አልነገርነውም። ይህ የእኛ ጥፋት ነው። ዛሬም ላንቺ ይህን ያህል የማስረዝመው ለዚያ ነው።

ስለ ሞት የሰማሽውን አልንቀውም። መርፌው ፔኒሲሊን ነው፤ ፔኒሲሊን የማይስማማቸው ሰዎች አሉ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂም ይከሰታል። ግን ምን ያህል እንደሚከሰት እወቂ። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ በ11 አገሮች የተሠራ ጥናት፣ ልክ እንደ ባቢ በየወሩ የሚወጉ 1,790 ሕሙማንን ተከታትሎ ነበር። በጠቅላላው 32,430 መርፌ ተወጉ። ከባድ አለርጂ የገጠማቸው 4 ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሞቷል። አንድም ሞት ሞት ነው፣ አልሸነግልሽም። ነገር ግን መርፌውን አቁመው ልባቸው ተዳክሞ ሲሞቱ ያየኋቸው ልጆች ሰፈር ውስጥ «መርፌ አቁሞ ሞተ» ተብለው አይወሩም፤ «ልቡን ታሞ ሞተ» ነው የሚባለው።

ሌላም አለ። መርፌ ተወግቶ ከወደቀ ሰው ሁሉ ፔኒሲሊኑ ያልተስማማው ጥቂቱ ነው። በሕመሙና በፍርሃቱ ደሙ ወርዶ ራሱን የሚስት ብዙ ነው። ልቡ እጅግ የተጎዳ ሕመምተኛ ደግሞ ያንን መቋቋም ሊያቅተው ይችላል። ለዚህ ነው የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ቫልቫቸው በከባዱ ለተጎዳና ልባቸው ለደከመ ሕሙማን በመርፌው ፈንታ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ይታሰብ ያለው። ባቢ «ትንሽ ያፈሳል» የተባለ ልጅ ነው፤ አራት ጊዜም ተወግቶ ምንም አልሆነም። ለእሱ መርፌው ይሻላል፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን ለዓመታት ሳይዘነጋ የሚውጥ ልጅ ብዙ አላየሁም። ሆኖም በሚቀጥለው ቀጠሮ ዶክተሩን በግልጽ ጠይቂው። ከመርፌው በኋላ ሽፍታ፣ የከንፈር ማበጥ ወይም የትንፋሽ መታፈን አይተሽ የምታውቂ ከሆነ ደግሞ ሳይወጉት በፊት ተናገሪ።

ሕመሙ እውነት ነው። ቤንዛቲን የሚባለው ይህ ፔኒሲሊን ዱቄት ነው፤ በውኃ ሲበጠበጥ እንደ ወተት ነጭና ወፍራም ይሆናል፣ መርፌውን እስከ መድፈን ይደርሳል። ሥጋ ውስጥም ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው፤ አራት ሳምንት የሚቆየውም ስለዚሁ ነው። ሕመሙን የሚቀንሱ ነገሮች ግን አሉ፣ ነርሷን ለመጠየቅ አትፈሪ። የተበጠበጠውን ብልቃጥ መዳፏ ውስጥ ይዛ ለብ ታድርገው። በአልኮል የጠረገችው ቦታ ይድረቅ። ከመውጋቷ በፊት ቦታውን በአውራ ጣቷ ለአፍታ ጫን ትበል። ከዚያ ቀስ አድርጋ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ወስዳ ትውጋው። ማደንዘዣ ሊዶካይን ቀላቅለው የሚወጉም አሉ፤ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። በድሬ ሙቀት ሳይበላ ሳይጠጣ አይሂድ፤ ተኝቶ ይወጋ፤ ከተወጋም በኋላ ግማሽ ሰዓት እዚያው ይቆይ። ያን ግማሽ ሰዓት ባጃጅ ይጠብቀኛል ብለሽ አታሳጥሪው። መድኃኒቱ እንዳይጠፋ አስቀድመሽ ገዝተሽ ከሆነም በቆርቆሮ ቤት ውስጥ አታኑሪው፤ ከ30 ዲግሪ በላይ መቆየት የለበትም፣ የእናንተ ከሰዓት ደግሞ ያን ያልፋል። ጤና ጣቢያው በካርዱ ስም አስቀምጦ እንዲይዝልሽ ለምኚ።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «በየወሩ» ይባልና በመድኃኔዓለም የተወጋ ልጅ በሚቀጥለው መድኃኔዓለም ይወሰዳል። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ መርፌው የሚለው 28 ነው። ሁለት ቀን በየወሩ ትዘገያለሽ፤ በዚያ ላይ በዓልና ለቅሶ ሲጨመር ሳምንት ይሆናል። በዕለት ያዢው። ቅዳሜ ከተወጋ፣ ከዚያ በኋላ ያለው አራተኛው ቅዳሜ። በዓመት 13 መርፌ ይሆናል።

ስንት ዓመት? ልብ ተነክቶ የዳነ ልጅ ቢያንስ ለ10 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ የረዘመውን ይወጋል። የቫልቩ ጉዳት ካልለቀቀ ደግሞ እስከ 40 ዓመት ሊቀጥል ይችላል፤ ያን የሚወስነው ሐኪሙ በአልትራሳውንዱ እያየ ነው። ባቢ 11 ስለሆነ በትንሹ 130 መርፌ ማለት ነው። ቁጥሩ እንደሚያስደነግጥሽ አውቃለሁ። እኔ ግን አንዱን ቅዳሜ ብቻ አስቢ እላለሁ።

ወደ እንቅልፍሽ ልምጣ። ያኔ ሐኪም ጋ ብወስደው ኖሮ ትያለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፤ የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ይህን አያመጣም፤ አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ነው፣ ጨውና ሙቅ ውኃ ይበቃዋል። ከመቶ እናት ስንቷ ለጉሮሮ ሐኪም ቤት ትሮጣለች? አንቺ ትንፋሹ ሲያጥር ይዘሽው ሮጠሻል፣ 17 ቀን ከአልጋው አልተለየሽም። ያን ያህል በራስሽ አትፍረጂ። ማስቧጠጡን ግን ለአማትሽ ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያት፣ በአክብሮት። ደም ያፈሳል፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያስገባል። ትኩሳቱ የለቀቀው ስለተቧጠጠ አይደለም፤ ቢተዉትም በጥቂት ቀን ይለቅ ነበር። ክፉው ነገር ደግሞ «ታክሟል» አሰኝቶ ማዘናጋቱ ነው።

ታናናሾቹን የጠየቅሽው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የልብ ሕመሙ ከባቢ ወደ እነሱ አይተላለፍም፤ አብረው ይብሉ፣ አብረው ይተኙ። የሚተላለፈው የጉሮሮው ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ከእነሱ አንዱ ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው በድንገት ጉሮሮውን ካመመው፣ ካተኮሰውና አንገቱ ሥር ዕጢ ካበጠ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ተገቢው መድኃኒት ከተጀመረ ይህን በሽታ ያስቀራል። መድኃኒቱ አንድ መርፌ ወይም የ10 ቀን አሞክሳሲሊን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ተሻለው ተብሎ የተረፈው ለሌላ ቀን የሚቀመጥ አይደለም። ደህና የሆኑትን ልጆች ግን አታስወጊ።

እግረ መንገዴን ለሌሎች እናቶችም፦ «ደሙ ላይ ቁርጥማት ተገኘ» የሚል የምርመራ ወረቀት እየላኩ የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። ኤኤስኦ የተባለው ምርመራ የሚናገረው ልጁን ከዚህ በፊት ያ ባክቴሪያ እንደነካው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ስንቱን ልጅ ነክቷል። ማታ ማታ ሁለት እግሩን አመመኝ ብሎ ጠዋት እየሮጠ የሚሄድ፣ ምንም እብጠት የሌለው ልጅ በዚያ ወረቀት ብቻ ዓመታት መወጋት የለበትም። አንድ መገጣጠሚያው ግሎ፣ አብጦ፣ መርገጥ ያቃተው ልጅ ግን ውሎ አይደር። መገጣጠሚያው ከስድስት ሳምንት በላይ ያበጠና ጠዋት ጠዋት ተገትሮ የሚነሣ ደግሞ ሌላ ዓይነት የልጆች የመገጣጠሚያ በሽታ ስላለ የሕፃናት ሐኪም ይየው።

ከደብዳቤሽ ግርጌ ላይ በእርሳስ፣ በሌላ እጅ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች፦ «ኳስ መቼ ነው የምጫወተው? እማዬ ከልክላኛለች።» ጽሑፏን አጉልቼ ደጋግሜ አየኋት፤ ፊደሎቹ መስመር ይዘዋል፣ አልተንቀጠቀጡም። ደስ ያለኝ በምክንያት ነው። ይህ በሽታ ከወራት በኋላም፣ እስከ ስድስት ወር ድረስ ቆይቶ፣ አንጎልን ነክቶ ሊመጣ ይችላል። ልጁ እጁ ያለ ፈቃዱ ይወራጫል፣ ብርጭቆ ይጥላል፣ ፊቱ ይኮሳተራል፣ ጽሑፉ ይበላሻል፤ ሲተኛ ይተወዋል። አስተማሪ ረባሽ ነው ብሎ ይቀጣዋል፣ ቤት ደግሞ ቡዳ ነው ይባላል። ፀበል መውሰድሽን አልነካም፤ ደብተሩን ግን በየሳምንቱ ተመልከችለት፣ ጽሑፉ ከተለወጠ ወደ ሐኪሙ ውሰጂው። ለአስተማሪውም ሕመሙን ንገሪው። ጥርሱንም በቀን ሁለት ጊዜ ይቦርሽ፤ ከተበላሸ ጥርስ የሚነሣ ባክቴሪያ የተጎዳ ቫልቭ ይወዳል።

ባቢ፣ አንተ ደግሞ ስማኝ። ዶክተሩ ደምህን አይቶ ቁጣው ጠፍቷል ካለ፣ ልብህን አይቶም ተጫወት ካለ፣ ትጫወታለህ። ትንሽ የሚያፈስ ልብ ይዘው ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ብዙ አሉ። እስከዚያ እማዬ ከከለከለች አትለፋት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ራስህ ጠይቀው፤ ጥያቄው ያንተ ነው። ለመርፌው ደግሞ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ አንተ ምረጥ፣ ነርሷ ከመጀመሯ በፊት ንገራት። የተወጋህ ቀን እግርህ ስለሚከብድህ ከሜዳው ዳር ቁጭ ብለህ እያቸው። በማግስቱ ግባ።